የመቅደላው ቆንሲል ነው የተባለው የጽሕፈት ሣጥን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቆዩ የቤት ዕቃዎች

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በደቡብ እንግሊዝ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ በተደረገ የቤት ዕቃ ጨረታ ላይ አንድ የቆየ ተንቀሳቃሽ የጽሕፈት ዴስክ ገዝቻለሁ። ሲዘጋ ማዕዘኖቹ በነሐስ የታሰሩ፣ ማሆጋኒ ከሚባለው ቀይ እንጨት የተሠራ ሣጥን ነው፤ ሲከፈት ግን ሁለቱ ገጾቹ ተጋጥመው እንደ አትሮኖስ ያዘነበለ መጻፊያ ይሆናሉ። በጨረታው ዝርዝር ላይ ስለ ታሪኩ የተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም «በጦርነቱ ጊዜ በአቢሲኒያ ታስሮ የነበረ የእንግሊዝ ቆንሲል ንብረት» የሚል ነው። ቆንሲሉ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያሰሩት ካሜሮን መሆን አለበት ብዬ ከሣጥኑ ዋጋ በላይ ከፍዬ ወሰድሁት። ክዳኑ ላይ የሦስት ፊደላት ምልክት የተቀረጸባት ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አለች። ጠቁራ ስለነበር በነሐስ ማጽጃ ደጋግሜ ፈትጌያታለሁ፤ አሁን ከሦስቱ ፊደላት በደንብ የምትለየው የመጀመሪያዋ ብቻ ናት። ሣጥኑ በእርግጥ የካሜሮን ነውን? የመጻፊያው ቆዳ በቀለም ተበላሽቷልና በአዲስ ላስለውጠው? እንጨቱንስ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቄ ቫርኒሽ ላስቀባው? ለልጆቼ የማወርሰው የአገር ታሪክ ቅርስ ነው ብዬ ስለማምን መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።
(አንባቢ፣ ከለንደን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የላኩልንን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ፣ በማጉያ መስታወት ጭምር ተመልክቻለሁ። ሣጥንዎ እውነተኛ የጥንት ሣጥን ነው፤ ዕድሜውም ለካሜሮን ዘመን ይበቃል። የካሜሮን መሆኑን የሚያስረዳ ነገር ግን እስካሁን አላየሁበትም። የዕቃው ዕድሜና የባለቤቱ ማንነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸውና ለየብቻቸው ላስረዳዎ። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ዕድሜው። እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በብዛት የተሠሩ ናቸው። መኮንኑ፣ ቆንሲሉ፣ ነጋዴው፣ ሚስዮናዊው፣ ከቤቱ ርቆ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ነበረው። በመርከብና በበቅሎ ለሚጓዝ ሰው የተሠሩት ከወፍራም ማሆጋኒ ተገጥመው ማዕዘናቸው በነሐስ ይታሰራል፤ መያዣቸውም ጭነት ሲደራረብ እንዳይጋጭ ወደ እንጨቱ ገብቶ ከገጹ እኩል ይተኛል። የእርስዎም ከዚህ ዓይነት ነው። ለሳሎን የሚሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ ውስጣቸው ርካሽ ጥድ ሆኖ በላዩ ስስ የዋልነት ወይም የሮዝውድ ልባስ ይለጠፍበታል።

ፎቶግራፎቹ ላይ ዘመኑን የሚናገሩ ሦስት ነገሮች አግኝቻለሁ። አንደኛው በቁልፉ የነሐስ ገጽ ላይ ከዘውድ ሥር የተመታው የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክት ነው፤ ንግሥቲቱ የነገሠችው በ1837 ስለሆነ ቁልፉ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ሁለተኛው ከቀለም ብልቃጡ ጎን ያለችው ባለ ክዳን ትንሽ ክፍል ናት። ባዶዋን ብትሆን ብዙም ባልታመንኋት ነበር፤ ምክንያቱም በድሮው ጊዜ ደብዳቤ ማሸጊያ የሚቀመጥባት ተመሳሳይ ክፍል ነበረች። በእርስዎ ሣጥን ላይ ግን በክዳኗ ላይ «ቴምብር» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ በወርቅ ቀለም ተጽፎባታል፤ በዓለም የመጀመሪያው የፖስታ ቴምብር በእንግሊዝ አገር የወጣው ደግሞ በ1840 ነው። ሦስተኛው እርስዎ ከማጠፊያው ላይ ነቅለው ፎቶ ያነሷት ቪቴ ናት። ጫፏ እንደ ዛሬው ቪቴ የሾለ ሳይሆን ድፍን ነው፤ ጫፈ ሹል የእንጨት ቪቴ በፋብሪካ መሠራት የጀመረው በ1840ዎቹ ማብቂያ ግድም ስለሆነ ይህች ከዚያ በፊት ያለ ሥራ ትመስላለች። (እባክዎ ወደ ነበረችበት ቀዳዳ ይመልሷትና ሌላ አይንቀሉ፤ የቪቴው መሰንጠቂያ በተበላሸ ቁጥር አንድ ማስረጃ ይጠፋል።) ሦስቱ ሲገጣጠሙ ሣጥኑ በ1840ዎቹ ውስጥ የተሠራ ነው ብዬ በልበ ሙሉነት እነግርዎታለሁ።

እንግዲህ ካሜሮን ምጽዋ ሲደርስ ሣጥኑ ነበረ። ነገር ግን ያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ በእንግሊዝ መኮንኖችና ሹማምንት እጅ እጅግ ብዙ እንዲህ ያለ ሣጥን ነበረ፤ ስለዚህ የዘመኑ መግጠም «ሊሆን ይችላል» ያሰኛል እንጂ «ነው» አያሰኝም።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። የመቅደላ ነገር ከመነሻው የደብዳቤ ነገር ስለነበረ አንድ የጽሕፈት ሣጥን በዚያ ታሪክ ውስጥ ቢገኝ የሚገርም አይሆንም። ቻርልስ ዳንካን ካሜሮን የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ በ1862 ምጽዋ ገባ፤ በዚያው ዓመት ከዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርቦ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከውን ጥንድ ሽጉጥ አስረከበ። ንጉሠ ነገሥቱም በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ ደብዳቤ አጻፉ፤ መልእክተኞች ሊልኩ መፈለጋቸውንና መንገዱ በቱርኮች እጅ መሆኑን አስታውቀው ወዳጅነት ጠየቁ። ቆንሲሉ ደብዳቤውን ራሱ ይዞ እንዲሄድ ይጠብቁ ነበር፤ እርሱ ግን በመልእክተኛ ሰድዶ ወደ ቦጎስና ወደ ሱዳን ጠረፍ ወረደ። ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ለንደን ደረሰና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሹማምንት መልስ ሳይሰጡበት አስቀመጡት። አንድ ገጽ መልስ ቢጻፍ ኖሮ ስንት ሕይወት ይተርፍ ነበር እያልሁ ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ካሜሮን ባዶ እጁን በመመለሱ ጥር 1864 ላይ በሰንሰለት ታሰረ።

መልስ የተጻፈው ከእስሩ በኋላ ነው። ያን መልስ ይዞ የተላከው በኤደን ወደብ (በየመን) የእንግሊዝ አስተዳደር ረዳት የነበረውና ቀደም ሲል በነነዌ ፍርስራሽ ላይ በመቆፈር ስም ያተረፈው የሞሱል ተወላጅ ሆርሙዝድ ራሳም ነበር። በሐምሌ 1864 ምጽዋ ደርሶ ወደ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ በመጠበቅ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ፤ በጥር 1866 ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኘ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ እርሱም ሁለት ባልደረቦቹም በእግረ ሙቅ መቅደላ ላይ ነበሩ። በዚያ አምባ ላይ ከሁሉ የበለጠ የጻፈው እርሱ ነው። በስውር መልእክተኞች አማካይነት ከምጽዋ ጋር እየተጻጻፈ፣ ገንዘብ እያስመጣ፣ አነስተኛ የአትክልት ቦታ እስከማልማት ደርሶ ነበር። እስረኞቹ የተለቀቁት ሊያስፈታቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አጠገብ፣ ዐሮጌ በተባለው ስፍራ ካደረገው ውጊያ ማግስት ጀምሮ ሲሆን ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳልፈው ሰጡ። ካሜሮን ከነጻነቱ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ኖሮ በ1870 ዐረፈ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሣጥኑ የካሜሮን ነው የሚል ሰው ለአንድ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት አለበት፦ ከአራት ዓመት በላይ ከእስር ቤት እስር ቤት የተዘዋወረ ሰው ሣጥን እንዴት ከእርሱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተመለሰ? ምጽዋ ላይ ትቶት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ከተፈታ በኋላ የገዛውም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የጨረታው ዝርዝር የሚለው ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል። የዝርዝሩ ጸሐፊ «ቆንሲል» ያለው ሰውዬውን ካወቀ ሰው ሰምቶ ነው ወይስ እንዲሁ ከአፍ ለአፍ ወሬ? ራሳም ቆንሲል አልነበረም፤ በአፈ ታሪክ ግን መልእክተኛው ሁሉ ቆንሲል ሲባል ይገኛል።

እዚህ ላይ የነሐስ ሰሌዳዋ ትመጣለች፤ ስለ እርሷ በግልጽ ልናገርና ቅር አይበሉኝ። የምትነበበው ፊደል እንደ ግማሽ ጨረቃ በቀኝ በኩል የተከፈተች ናት። በላቲን ፊደል ይህን ቅርጽ የያዙ ሁለት ፊደላት አሉ፤ የሚለያቸው በታችኛው ጫፍ ላይ ያለች አጭር ሰረዝ ብቻ ናት፤ በእርስዎ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ያ ጫፍ ተፍቋል። የካሜሮን የራሱ ስምና የቤተ ሰቡ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። ስለዚህ ሦስተኛዋ ፊደል የመጀመሪያዋ እኅት ሆና ብትገኝና መካከለኛዋ «ዳንካን»ን የምታስጀምረው ፊደል ብትሆን ነገሩ እጅግ ይጠናከር ነበር፤ ሌላ ፊደል ብትሆን ደግሞ ካሜሮንን በአንድ ጊዜ ከጨዋታ ውጭ ታደርገው ነበር። የነሐስ ማጽጃ ደቃቅ አሸዋነት አለው፤ ጥቁረቱን ብቻ ሳይሆን የቅርጹን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። በሙያዬ ብዙ ሣጥን አይቻለሁ፤ ሰሌዳቸው እንደ መስታወት ያበራና ስማቸው የጠፋ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም።

ተስፋው ግን አልተቆረጠም። ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ ከሰሌዳዋ ጎን፣ ከገጹ ጋር እኩል ሊሆን እስኪቃረብ ዝቅ አድርገው ያብሩባት፤ ብርሃኑን በዙሪያዋ ቀስ በቀስ እያዞሩ ከላይ ፎቶ ያንሱ። በቀጥታ ብርሃን የማይታይ ጭረት በአግድም ብርሃን ጥላ ይጥላል። ፎቶዎቹን ይላኩልኝ፤ እኔም እሞክራለሁ። ሰሌዳዋን ግን አይንቀሉ።

ቀጥሎ ምን ዓይነት ነገር ማስረጃ እንደሚባል በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ላሳይዎ። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ተንቀሳቃሽ የጽሕፈት ዴስኮች ሁሉ ታሪኩ የተረጋገጠው የቶማስ ጀፈርሰን ነው። በ1776 በፊላደልፊያ ቤንጃሚን ራንዶልፍ የተባለ አናጢ ጀፈርሰን በነደፈው መሠረት ከማሆጋኒ ሠራለት፤ የአሜሪካ የነጻነት ዐዋጅ ረቂቅ የተጻፈው በእርሱ ላይ ነው። ጀፈርሰን በኋላ በፓሪስ የአገሩ መልእክተኛ፣ ከዚያም ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ዴስኩንም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተገልግሎበታል። በ1825 የልጅ ልጁ ወደ ቦስተን ስታገባ፣ በባርነት ይዞት የነበረው ብልህ አናጢ ጆን ሄሚንግስ የሠራላት የሠርግ ስጦታ ዴስክ በመርከብ ሲጓጓዝ ባሕር ውስጥ ቀረ። ጀፈርሰንም የራሱን አሮጌ ዴስክ በምትኩ ላከላቸው፤ ከመላኩ በፊት ግን ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራና ምን እንደተጻፈበት በገዛ እጁ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ፈርሞ ከመጻፊያው ሰሌዳ ሥር ለጠፈው። ቤተ ሰቡ በ1880 ለአሜሪካ መንግሥት አስረከበው፤ ዛሬ በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ንብረት ነው። ሣጥኑ በራሱ ከእርስዎ ሣጥን ያነሰ፣ ጌጥ የሌለው፣ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር በታች የሆነ ነገር ነው። የባለቤቱ እጅ ጽሑፍና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ያልተቋረጠ ሰንሰለት ስላለው ግን የሚከራከርበት ሰው የለም።

የእርስዎ ሣጥን ሰንሰለት የሚጀምረው ከሦስት ዓመት በፊት ከጨረታው ነው። ወደ ኋላ ለመሄድ በመጀመሪያ ለጨረታ ቤቱ ይጻፉ። የሻጩን ስም ላይነግሩዎ ይችላሉ፤ ነገር ግን ደብዳቤዎን ለሻጩ እንዲያስተላልፉ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ሻጩም «ከአባቴ ቤት ያገኘሁት ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጽፍልዎ ከዝርዝሩ ዐረፍተ ነገር የበለጠ ዋጋ አለው። ሁለተኛ፣ ለንደን ስለሚኖሩ ዕድለኛ ነዎት፤ በኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የአቢሲኒያ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ይገኛሉ፤ የካሜሮንን እጅ ጽሑፍ እዚያ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ።

እጅ ጽሑፉ የሚጠቅምዎ ሣጥኑ ውስጥ ጽሑፍ ካገኙ ነው፤ ስለዚህ ይፈልጉ። በእንዲህ ያሉ ሣጥኖች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስውር መሳቢያ አለ። የቀለም ብልቃጡንና አሸዋ መነስነሻውን ያውጡ፤ ብልቃጡ በሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ያለችውን ስስ ጣውላ በጣትዎ ጫፍ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ጫን ይበሉ። ከኋላዋ የብረት ስፕሪንግ ካለ ጣውላዋ ብድግ ትልና ከመጻፊያው ሥር እንደ ክብሪት ቤት የጠበቡ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ መሳቢያዎች ብቅ ይላሉ። በአምስተኛው ፎቶዎ ላይ ያቺ ጣውላ ከሌሎቹ ግድግዳዎች በፀጉር ስፋት ዝቅ ብላ አይቻታለሁ፤ እኔ ብሆን ዛሬውኑ እሞክራት ነበር። እምቢ ካለች በቢላዋ አይፈልቅቋት፤ ስፕሪንጉ ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይያት።

ቆዳውን ስለመለወጥ፦ አያድርጉት። ቀለሙ ያበላሸው ይመስልዎታል እንጂ የሣጥኑ ሕይወት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ቀለም ከዛፍ እንቡጥ መሳይ እብጠትና ከብረት ጨው የሚዘጋጅ ስለሆነ ቆዳና ወረቀት እየበላ ይሄዳል፤ በሳሙና አይለቅም፤ ሊያስለቅቁት ሲሞክሩ የሚለቀው ቆዳው ነው። ደግሞም መጻፊያው ቆዳ ላይ ብዕር ተጭኖ የተወው የፊደል ጭረት አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፤ በአግድም ብርሃን እርሱንም ይመልከቱ። እንጨቱንም በብርጭቆ ወረቀት ማስፋቅ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው። ያ ጥቁር ቀይ ወዙ የእጅና የሰም ውጤት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ያንሱ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል ትንሽ የንብ ሰም ቀብተው ይወልውሉት፤ የኑግም ሆነ የወይራ ዘይት አይንካው፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ እየቆየም ይጠቁራል። በክረምት ከቤት ማሞቂያው ያርቁት፤ ደረቅ ሙቀት ማሆጋኒውን አኮማትሮ የነሐሱን ማዕዘን ያስነሣዋል።

«የአገር ቅርስ» ስላሉት ነገርም አንድ ቃል ልጨምር። ሣጥኑ የካሜሮን ሆኖ ቢገኝ እንኳ የእንግሊዝ አናጢ ለእንግሊዝ ሹም የሠራው ዕቃ ነው። የእኛ ጸሐፍት ብራናውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የመቃ ብዕር ቀርጸው፣ ቀለማቸውን በቀንድ ይዘው የሚጽፉ ነበሩ፤ የዴስክ ልማድ አልነበራቸውም። እርስዎ በሣጥኑ ላይ ያደረብዎ ፍቅር ግን ይገባኛል፤ አገራችንን ለጦርነት ከዳረጓት ደብዳቤዎች አንዱ በእርሱ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ልብ ያሞቃል። ለልጆችዎ ሲያወርሱት ከሣጥኑ ጋር የጨረታውን ዝርዝር ዋናውን ወረቀት፣ የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ ፎቶግራፎቹንና ይህን መልስ አብረው ያኑሩላቸው። «የካሜሮን ነው» ብለው አይጻፉ፤ «በአቢሲኒያ ታስሮ የነበረ የእንግሊዝ ቆንሲል ንብረት ነው ተብሎ በጨረታ የተሸጠ» ብለው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ዘንድ እንጨቱ ጥቁር ቀይ መስመር ያለው አንድ የጽሕፈት ሣጥን አለ። ቅድመ አያቴ አዲስ አበባ በአንድ የውጭ አገር ሌጋሲዮን (የዲፕሎማቶች መሥሪያ ቤት) ተላላኪ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ጣሊያን በገባበት ዓመት አንድ ዲፕሎማት አገሩን ሲለቅ «ስለ ታማኝነትህ» ብሎ እንደሰጣቸው ይነገራል። ምንም ወረቀት የለውም። ታሪኩን የምታውቀው የዘጠና አራት ዓመቷ አያቴ ብቻ ናት። ክዳኑ ውስጥ የተላጠ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ልናነሣው ነበር። ቁልፉ ጠፍቶ ታችኛው መሳቢያ አይከፈትም። ሣጥኑን አሜሪካ ላለችው እኅቴ መላክ እንፈልጋለን፤ ምን ይመክሩናል?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ወረቀቷን አትንኳት። ላይ ላዩን ስታዩአት የተቀደደች ትመስላለች እንጂ የሻጩ ሱቅ መለያ ሳትሆን አትቀርም። የለንደንና የፓሪስ ሣጥን ሠሪዎች ስማቸውንና የሱቃቸውን አድራሻ በክዳኑ ውስጥ ይለጥፉ ነበር፤ ሱቆቹም በየጊዜው መንገድ ስለሚቀይሩ የአድራሻው ቁጥር ብቻውን ዘመኑን በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሊናገር ይችላል። በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ።

በ1928 ዓ.ም. በሌጋሲዮኖች ውስጥ የሚጻፈው በታይፕ ነበርና እንዲህ ያለው ሣጥን ያን ጊዜም ለዲፕሎማቱ ከአባት የወረሰው ዕቃ ሊሆን ይችላል። የቅድመ አያትዎ ታሪክ ከዘመኑ ጋር አይጋጭም። ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡበት ከሚያዝያ 24 ቀን ጀምሮ ጣሊያን እስከገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን ድረስ ከተማዋ ስትዘረፍና ስትቃጠል ሌጋሲዮኖቹ የተከበቡ ደሴቶች ሆነው ነበር። የአሜሪካ ሌጋሲዮን ኃላፊ ኮርኔሊየስ ኤንገርት በዚያው ከተማ ካለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን እርዳታ ለመጠየቅ መልእክቱን በሬዲዮ ወደ ዋሽንግተን መላክ፣ ዋሽንግተንም ለንደንን መጠየቅ፣ ለንደንም አዲስ አበባ ያለውን የራሷን ሌጋሲዮን ማዘዝ ነበረባት። በእንዲህ ያለ ቀን በታማኝነት የቆመ ተላላኪ ሽልማት ቢሰጠው የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ብቻ ሣጥኑን ለየትኛውም የታወቀ ሰው እንዳታስጠጉት።

ያላችሁ ማስረጃ አያትዎ ናቸው፤ ስለዚህ ከሣጥኑ ጥገና በፊት እርሳቸውን ያነጋግሩ። በዚህ ሳምንት ብትቀመጡ ይሻላል። ሣጥኑን ፊታቸው አኑሩት፤ «የማን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «እማማ፣ ይህን መጀመሪያ ያዩት የት ነበር? ቤት ውስጥ የት ይቀመጥ ነበር? አባትዎ ምን ያስቀምጡበት ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ስም እናንተ አትስጧቸው፤ ራሳቸው ካስታወሱ ብቻ እንዳሉት፣ አጠራራቸውም ሳይታረም ይጻፍ። ድምፃቸውን በስልክ ቅረጹ፤ ከዚያ በወረቀት ገልብጣችሁ ቀኑን፣ የተናጋሪዋን ሙሉ ስምና ዕድሜ፣ የጸሐፊውንም ስም አክላችሁ፣ ተነቦላቸው በፊርማቸው ወይም በጣት አሻራቸው ይረጋገጥ። ለለንደኑ ጠያቂ የጠቀስሁት ጀፈርሰን በ1825 ያደረገው ይህንኑ ነው። ወረቀቱን ግን ሣጥኑ ላይ አትለጥፉት፤ ሙጫ እንጨቱን ያበላሻል፤ በፖስታ አድርጋችሁ ውስጡ አስቀምጡት።

ወደ አሜሪካ ስለመላክ፦ የቆየ ዕቃ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማጣሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕቃው የውጭ አገር ሥራ በመሆኑ ምንም የለበትም ብላችሁ አየር ማረፊያ ላይ እንዳትደርሱ። በተጨማሪም እንጨቱ የብራዚል ሮዝውድ ሆኖ ከተገኘ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ በጥብቅ የተከለከለ የዛፍ ዓይነት ስለሆነ፣ ጥንታዊ ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ በሁለቱም አገር ሊጠየቅበት ይችላል። እንጨቱን የሚለይ ባለሙያ አስቀድማችሁ አሳዩ። እኔን ብትጠይቁኝ አያትዎ በሕይወት ሳሉ ሣጥኑ ከእርሳቸው ዘንድ ባይርቅ እወዳለሁ።

ስለ ቁልፉ፦ መሳቢያውን በቢላዋም በመጠምዘዣም አትጎርጉሩ። ብዙዎቹ ሣጥኖች የጎን መሳቢያቸውን የሚይዘው ቁልፍ ሳይሆን ቀጭን የነሐስ ዘንግ ነው። ሣጥኑን ክፈቱትና በላይኛው ጠርዝ፣ ከቀለም ብልቃጡ ክፍል አጠገብ፣ እንደ ሚስማር ራስ የመሰለች ትንሽ የነሐስ ጉብታ ፈልጉ፤ ካለች በጥፍር ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቧት፤ መሳቢያው ይለቃል። ከሌለችና ነገሩ እውነተኛ ቁልፍ ከሆነ፣ ዘይት አታፍስሱበት፤ ዘይቱ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። የእርሳስ ሊድ በምላጭ ፍቃችሁ ዱቄቱን በስስ ወረቀት ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ንፉት። ከዚያ ቁልፍ ሠሪ ቤት ድረስ ይምጣ፤ ሣጥኑን ተሸክማችሁ ወደ ሱቁ አትውሰዱት። ባዶ ቁልፍ በጥላሸት አጥቁሮ፣ ቀዳዳው ውስጥ በቀስታ አዙሮ፣ የነካካበትን ቦታ እያየ እየሞረደ አዲስ ቁልፍ ሊያወጣለት ይችላል። ሲከፈት መሳቢያው ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ፣ ቁራጭ ወረቀትና ያረጀ ብዕር ሳይቀር፣ ከማንሣታችሁ በፊት እንዳለ ፎቶ አንሡት።